የመጀመሪያው ሻምፒዮናችን እኛ አልነበርንም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ከፈለጋችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት፣ አልቀየምም።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ በረንዳ ላይ ቆሜ አያለሁ። ሜዳው ሜዳ አይባልም፤ በቆሙ መኪኖች መሀል የተረፈች ክፍት ቦታ ናት። ጎሉ አራት ድንጋይ ነው። ሕጉ ግን እኛ ልጆች ሳለን ከነበረው አልተለወጠም፦ ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ። አንዱ በቴስታ አገባሁ ይላል፣ ሌላው በእጅህ ነው ብሎ ይሟገታል፣ ሦስተኛው ማልያውን አውልቆ ይሮጣል።

ጨዋታው ሲያልቅ አንዱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ደረጃ ላይ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ አይደል?»

ነበርኩ አልኩት። ስልኩን አወጣና የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ክለቦችን ዝርዝር አሳየኝ። ከላይ የመጀመሪያው መስመር ላይ 1944 ይላል፣ በፈረንጆቹ። አጠገቡ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ተጽፏል።

«ይሄ ስህተት ነው አይደል? እንዴት እንግሊዝ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ይሆናል?»

«ስህተት አይደለም።»

«ጊዮርጊስ ያኔ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። ዋንጫውን አልወሰደም እንጂ።»

ልጁ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ፊቱ ሲቀያየር አየሁት። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ። ደረጃ ላይ ቆመን የምንጨርሰው ወሬ ስላልሆነ እጽፍልሃለሁ አልኩት። ይኸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1936 ዓ.ም. ሳይሆን ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ኳስ ወደ አዲስ አበባ የገባችው በከተማዋ በሚኖሩ የውጭ ዜጎችና በትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከፍተዋል። ከዚህ ትውልድ ውስጥ አንዱ ጅማ የተወለደ፣ ተፈሪ መኮንን የተማረ ልጅ ነበር፤ ይድነቃቸው ተሰማ ይባላል። የተወለደው በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን፣ መስከረም 1 ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ። ልጁ ግን ልቡ ኳስ ላይ ነበር።

በ1928 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1935፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ አንድ የኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙንም ከአራዳ ጊዮርጊስ ወስደው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ገባ።

እስኪ ቀኑን ልብ በሉት። ጣሊያን ድንበር የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ነበሩ። ቡድኑ የተመሠረተው እንግዲህ አገር እየነደደ ነው። ስሙም ቢሆን እንዲሁ የመጣ ስም አይደለም። ዓድዋ ላይ ድል የተገኘው የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስም የዓድዋ መታሰቢያ ነው። ዳግመኛ ጣሊያን በመጣበት ዓመት ልጆች ሰብሰብ ብለው የዓድዋውን ሰማዕት ስም ማልያቸው ላይ ሲያስቀምጡ፣ ኳስ ብቻ እያሰቡ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ክፍል ውስጥ ስጠይቃችሁ የነበረውን ልድገመው፦ «ከዚያስ?»

ከዚያ መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። በ1929 የካቲት 12 ሆነ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተማዋ 3 ቀን ታረደች፤ አራዳ ጊዮርጊስም እሳት ተለቀቀበት። ፊደል የቆጠረ ወጣት ተለይቶ ታደነ። ትምህርት ቤቶቹ ለአበሻ ልጅ ተዘጉ። ፋሺስት ከተማዋን በዘር ከፍሎ የነጭና የ«ተወላጅ» ሰፈር አደረጋት፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ ራሱ ከዚያ አከፋፈል የተወለደ ነው።

ኳስም ከዚህ አላመለጠችም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስም ቀርቶ ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ምልክት ነው፤ ያ በእንጨት እስር መሀል የተሰካው መጥረቢያ። የዓድዋው ሰማዕት ስም ተፍቆ የፋሺስቱ መጥረቢያ ተተካ ማለት ነው። በዚህ ስም መጫወት ምን ስሜት እንደሚሰጥ ለናንተ ለአስተዋዮቹ እተወዋለሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቡድኑ ስሙን መለሰ።

አሁን 1936 ላይ ደረስን።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በፈረንጆቹ 1943 ተቋቋመ፤ በዓመቱ፣ በ1944፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። የተወዳደሩት 5 ቡድኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ማኅበረሰብ ወክለው ነው የቀረቡት፦

የአርመኖቹ አራራት።
የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ።
የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ።
የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን።
እና ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢትዮጵያውያኑ።

በገዛ አገራችን ሻምፒዮና ከ5 ቡድን የኛ 1 ብቻ ነበር። ልጁ ደረጃው ላይ ፊቱ የተቀያየረው በዚህ ነው፣ እኔም በመጀመሪያ ሳውቀው እንዲሁ ሆኛለሁ። ግን ቡድኖቹን አንድ በአንድ ብታዩዋቸው የዚያን ጊዜዋን አዲስ አበባ ታገኟታላችሁ።

አርመኖቹን እንያቸው። ከነሱ አንዳንዶቹ ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» ናቸው፤ ከዘር ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች። የነሐስ ሙዚቃ ባንዳችን ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ግሪኮቹም ነጋዴና ባለሙያ ሆነው ከተማዋ ውስጥ ቤት ሠርተው የኖሩ ናቸው።

ጣሊያኖቹ ይገርማሉ። ከነፃነት ገና 3 ዓመት ነው፤ የየካቲት 12 ቁስል አልጠገገም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው አውጀው ነበር፤ እንግሊዝ ሁሉንም ጣሊያን ጠራርጎ ሊያስወጣ ሲፈልግ እሳቸው ባለሙያውን ማስቀረት ፈለጉ። ስለዚህ በ1936 ዓ.ም. አንድ የአራዳ ልጅ ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ ከፊቱ የሚቆመው የትናንት ገዢው ሊሆን ይችላል። ከ4 ዓመት በፊት ጥቁርና ነጭ እኩል ሆነው በአንድ ሜዳ መሰለፋቸው በፋሺስቱ የዘር ሕግ የማይታሰብ ነበር። አሁን 11 ለ11፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ዳኛ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ይሄ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እንግሊዞቹስ? እነሱ እንኳ በእንግድነት የመጡ አይደሉም። በጥር 1934 (ጃንዋሪ 31፣ 1942) በተፈረመው ስምምነት መሠረት የእንግሊዙ ሚኒስትር ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ነበር። ገበያ ላይ የሚዞረው ገንዘብ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ኦጋዴን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነው። ወታደራዊ ሚሲዮኑ የመጣው አዲሱን የኢትዮጵያ ጦር ሊያሠለጥን ነው። ነፃ ወጥተናል፣ ግን ሙሉ በሙሉ የራሳችን አልሆንንም። እንግዲህ ዋንጫውን ማን ወሰደ? የከተማዋን ሥልጣን የያዘው ወሰደው።

ይሄ አጋጣሚ አይመስለኝም። በአንድ በኩል ከልጅነታቸው ጀምሮ ኳስ የተጫወቱ፣ በደንብ የሚበሉ፣ በየቀኑ የሚሠለጥኑ ወታደሮች ነበሩ። በሌላ በኩል 5 ዓመት ትምህርት የተዘጋበት፣ እኩዮቹን የቀበረ፣ ስሙን ተነጥቆ ገና ያስመለሰ የሰፈር ቡድን። ይድነቃቸው ያኔ 22 ዓመቱ ነው። ከ14 እስከ 19 ዓመቱ ያለው ዕድሜ፣ አንድ ተጫዋች የሚሠራበት ዕድሜ፣ በጠላት አገዛዝ ሥር አለፈ። እኔ ብሆን ዋንጫ አልወሰደም ብዬ አልደነቅም፤ የምደነቀው ሜዳ ላይ በመገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ዓድዋን ስናገር 3 ክፍለ ጊዜ እወስድ ነበር። ሰሌዳው ላይ ተራራ እስላለሁ፣ የራሶቹን አሰላለፍ በጠመኔ እደረድራለሁ፣ ደወል ተደውሎም አላቆምም። ማይጨውን ግን በ1 ክፍለ ጊዜ፣ አንዳንዴም በግማሹ፣ አልፈው ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ያ ልጅ «ታዲያ ለምን አልነገሩን» ሲለኝ የመጣብኝ ይሄ ነው። ሽንፈትን ስንዘለው ድሉም ከየት እንደመጣ ሳይገባን ይቀራል። ዓድዋን ብቻ የተማረ ልጅ አንድ ቀን ሲሸነፍ ምን ያድርግ? ከአባቶቹ ያነሰ ይመስለዋል። አባቶቹም ተሸንፈው እንደተነሱ አልነገርነውማ።

እስኪ ከ1936 በኋላ የሆነውን እንይ።

በኅዳር 1940 (ዲሴምበር 1947) ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአገር ለአገር ጨዋታ አደረገች፤ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን፣ የዛሬዋን ጅቡቲን፣ 5 ለ 0 አሸነፈች። በ1942 (1950) ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነት አገኘ፤ ከዚያ ከ5 ቡድኖቹ ዓመት 6 ዓመት ቆይቶ። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ደግሞ ዋንጫውን ደጋግሞ የወሰደው የጦር ሠራዊቱ ቡድን ነው፣ በኋላ መቻል የምንለው። ልብ ብላችኋል? እንግሊዞቹ ሊያሠለጥኑት የመጡት ጦር በኳስ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሚሲዮኑም በ1951 እ.ኤ.አ. ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቆይቶም ዋንጫው ከአዲስ አበባ ወጥቶ አሥመራና ድሬዳዋ ደረሰ። የአንድ ከተማ ማኅበረሰቦች ውድድር የአገር ውድድር ሆነ።

በየካቲት 1949 (1957) ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት መሥራቾቹ 4 አገሮች ናቸው፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ቀረች። ኢትዮጵያ በቀጥታ ፍጻሜ ገባች፣ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ ኤል ዲባ። ከ2 ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ እንደገና ገጠምን፤ እንደገና 4 ለ 0።

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ ያ የ14 ዓመቱ ልጅ። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውቶ፣ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብቶ ጫማውን ሰቅሏል። ጥር 6 ቀን 1954 ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ፍጻሜው ጥር 13 ዋለ፣ እሑድ፣ ከጥምቀት 2 ቀን በኋላ። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው ሕዝብ በማግሥቱ ስታዲየም ገባ።

ግብፅ (ያኔ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባላለች) ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ደስታው ሳያልቅ፣ በደቂቃ ልዩነት፣ ግብፅ ሁለተኛ አገባች። ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ አገባ፦ 2 ለ 2። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። በ101ኛው ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ያሸነፈንን ቡድን አራት አገባንበት።

አሁን ወደ አምስቱ ቡድኖች መልሼ ልውሰዳችሁ። በ1936 ጣሊያን በጣሊያንነቱ፣ አርመን በአርመንነቱ፣ አበሻም በአበሻነቱ ነበር የሚሰለፈው። በ18 ዓመቱ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ ክለቡ ድሬዳዋ ጥጥ። ከአራቱ የፍጻሜ ጎሎች ሁለቱ የጣሊያን ስም ባላቸው ወንድማማቾች እግር ነው የገቡት። ሕዝቡም የኔ ብሎ ጮኸ። ለኔ ከዋንጫው የበለጠው ጎል ይሄ ነው።

ይድነቃቸውም ቢሆን ትምህርቱን አልረሳም። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስን መራ፤ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ኳስ እንድትገለል አጥብቀው ከታገሉት አንዱ ነው። በቆዳ ቀለም የተከፈለ ከተማ ውስጥ ማደግ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረውም።

የኔ ልጅ፣ ጥያቄህ ላይ ልመለስ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ነው። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ አትሰርዘው፣ አትፈርበትም። ጊዮርጊስህ ያን ዓመት ብቻውን ቆሞ የሁላችንን ስም ይዞ ገብቷል። ማሸነፉ በኋላ መጣ።

ደግሞ ሳታውቀው አንተም የዚያ ታሪክ ወራሽ ነህ። ቅዳሜ ዕለት ስትጮህበት የነበረው «ቴስታ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ራስ ማለት። «ሪጎሬ» ጣሊያንኛ ነው። «ማልያ» ጣሊያንኛ ነው። «ካልቾ» የምንለውም ለነሱ የጨዋታው ስም ነው። ጣሊያን በጉልበት የጫነብን ስም፣ ሊቶሪዮ፣ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። በጨዋታ የወሰድነው ቃል ግን ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየቅዳሜው ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከሰፈራችን ፈቅ ብላችሁ ሜክሲኮ አካባቢ ያሉትን ተግባረ ዕድንና ንግድ ሥራን ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ በ1942፣ ሌላው በ1943 እ.ኤ.አ. የተከፈቱ ናቸው፤ ልክ በዚያ የመጀመሪያ ሻምፒዮና ዋዜማ። ያኔ የነበሩ ሰዎች ገንዘብ አልተረፋቸውም፣ አገሪቱ ፈራርሳለች፣ ግን ትምህርት ቤቱንም ኳሱንም በአንድ ሰሞን ጀመሩ። አንዱ ሌላውን ይጠብቅ አላሉም። ዛሬ ስንቱ ትምህርት ቤት ነው ሜዳ የሌለው? ግቢያችንም ውስጥ መኪና በዛ፣ ክፍቷ ቦታ በየዓመቱ ትጠባለች። ማንንም አልወቅስም፤ መኪናም የሚቆምበት ይፈልጋል። ግን እናንተ ወላጅ የሆናችሁ፣ ስትሰበሰቡ ስለ ፓርኪንጉ ብቻ አትነጋገሩ፣ ስለ አራቷም ድንጋይ አንድ ቃል ተናገሩ። ይድነቃቸው ኳስ የጀመረው ዋንጫ ለማንሳት አልነበረም። መጫወቻ ስላገኘ ነው።

አባታችሁ ወይ አያታችሁ የተማሪ ቤት ኳስ ተጫዋች ከነበሩ፣ ፎቷቸው ካለችም፣ ከጀርባዋ ዓመተ ምሕረቱንና ስሞቹን ዛሬውኑ ጻፉባት። ቢሸነፉም ጻፉት።

መልካም ሰንበት።